ለሞቱት የሚጋገር ሙልሙል

አያቴ ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ እናቴ ዝም ብለው ኖረው በአንድ የቡሄ ማምሻ አፋቸውን የከፈቱት ለእኔ አዝነው ነው ወይስ ስህተት ሰምቶ ማለፍ አቅቷቸው? ይህን ጥያቄ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ይዤው ኖሬአለሁ። ቢቸና ተማሪ ሳለሁ አብሮኝ ነበር፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በመጻሕፍት ቤቱ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሌላ ነገር ላጠና ስቀመጥም አብሮኝ ይቀመጣል። ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ያኔም ሆነ ዛሬ ጥያቄ ከአፌ ቶሎ የሚወጣልኝ ሰው አይደለሁም።

ልጅ ሳለሁ ክረምቴ የሞጣ ነበር። አባቴ ቢቸና በፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበር፣ ትምህርት ሲዘጋና ዝናቡ መንገዱን ጨርሶ ሳይበላው፣ ከደጀን በሚመጣ የጭነት መኪና ላይ ከምናውቃት ነጋዴ ጎን አስቀምጦ ወደ እናቴ አባት ቤት ይልከኛል። እናቴ ጥሩወርቅ የሞተችው እኔ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ነው። መልኳን አላስታውሰውም፤ ፎቶግራፍም አልነበራትም። አባቴ ስለ እሷ ስጠይቀው «ደግ ነበረች» ይለኝና መዝገቡን ይገልጣል። ደግ መሆንማ ምን ይነግራል? በለቅሶ ቤት ደግ ያልነበረ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

አያቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ዳዊትና ድርሳን በሸምበቆ ብዕር ብራና ላይ ይጽፋሉ። ቤታቸው ስገባ መጀመሪያ የሚቀበለኝ የብራናውና ከጥላሸት የተበጠበጠው የጥቁር ቀለም ሽታ ነበር፤ እስከ ዛሬ አዲስ መጽሐፍ ስከፍት ያንን ሽታ ፈልጌ አጣዋለሁ። አንድ ፊደል የተሳሳቱ እንደሆነ በምላጭ ይፍቁታል፣ ቦታውን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ያሹታል፣ ከዚያ እንደገና ይጽፋሉ። የሌላውንም ስህተት ማለፍ አይሆንላቸውም። በማኅሌት አንዱ ደብተራ ቃል የዘለለ እንደሆነ ከጀርባ የአያቴ ሳል ትሰማለች። አገሩ በሙሉ ያችን ሳል ያውቃት ስለነበር፣ እውነተኛ ጉንፋን በያዛቸው ቀን ዘማሪው ሁሉ ሲደነባበር ዋለ ይባላል።

በእኚህ ሰው ቤት ቡሄ እንደ ሌላው ቤት አልነበረም። በነሐሴ አሥራ ሁለት አክስቴ አበቡ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ሙልሙሉን በሁለት ሰፌድ ለይታ ታስቀምጣለች። በትልቁ ሰፌድ ላይ ያለው በየደጁ ሆያ ሆዬ ለሚሉት የሰፈር ልጆች ነው። በትንሹ ሰፌድ ላይ ደግሞ የሞቱት የቤተ ሰቡ ሰዎች ሙልሙል አለ፤ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ። እነዚያን የሚወስዱት ከደብሩ አጠገብ ካለው ቅኔ ቤት የሚመጡት የቆሎ ተማሪዎች ነበሩ። ነገር ግን እንዲሁ ተቀብለው አይሄዱም። ለምዳቸውን ደርበው እሳቱ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አያቴ ሙልሙሉን በእጃቸው ይዘው የሟቹን አንድ ነገር ይተርካሉ፤ ተማሪው ሰምቶ «ነፍስ ይማር» ሲል ያን ጊዜ ይሰጡታል።

ታሪኩ ደግሞ ሕግ ነበረው። ሟቹን ማወደስ ክልክል ነው።

«ሙገሳውን አልቃሿ በለቅሶው ዕለት ጨርሳዋለች» ይሉ ነበር አያቴ። «ለእኛ የተረፈን ሰውየው ራሱ ነው።»

ስለዚህ የሚነገረው የሟቹ ጉድ ነበር። የእናቴ ወንድም አጎቴ አድማሱ የማይሠራ የእጅ ሰዓት ገዝቶ ዕድሜ ልኩን አስሮት እንደ ዞረ፣ ሰው ሰዓት ሲጠይቀው መጀመሪያ መሬት ላይ ጥላውን፣ ቀጥሎ ክንዱን አይቶ እንደሚናገር፣ ደመና የዋለ ዕለት አንዱ ጠይቆት ሰማዩን ቢያይ፣ መሬቱን ቢያይ፣ ምንም ቢያጣ «ዛሬ ገና አልጀመረም» ብሎ መለሰ መባሉን የሰማሁት እዚያ ነው። ሴት አያቴ እማማ ደብሬ በአንዲት ጥጃ ምክንያት ከጎረቤታቸው ጋር ተኳርፈው ሁዳዴን ሙሉ ሁለቱም በአጥር ላይ ጥጃዋን ብቻ ያናግሩ ነበር። «አንቺ ጥጃ፣ እመቤትሽን ጨው ካለሽ አበድሪኝ ብላለች በያት» ይላሉ እማማ ደብሬ፤ «አንቺ ጥጃ፣ ላኪሽን መጥታ ትውሰድ በያት» ይመጣል መልሱ። በፋሲካ ማግስት ታረቁ፤ ጥጃዋ ግን ለምዶባት ሰው ባየች ቁጥር አጥሩ ሥር እየመጣች ትቆም ነበር።

ያኔ እሳቱ የሚነደው ገና ሳይጨልም ነው፤ ደጅ ዝናቡ ያባራል፣ ከየሜዳው ጅራፍ ይጮኻል፣ ችቦው እርጥብ እየሆነ ከብርሃኑ ጭሱ ይበዛል። እኔ ከእህል ጎታው ሥር ተቀምጬ ጉልበቴን አቅፌ እሰማለሁ። እማማ ደብሬን በሕይወት አላገኘኋቸውም፤ ግን ያችን ጥጃ ሲያናግሩ ድምፃቸው የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ሰው በሁለት ገጽ የማይሞላ ነገር ተናግሮ ሙት ሰው እንዲህ ሲያስነሣ ከዚያ ወዲህ በመጽሐፍም ብዙ አላየሁም።

ማንበብ ከቻልኩ ጀምሮ የምቆጥረው ነገር ግን ነበረኝ። በትንሹ ሰፌድ ላይ ያለው ሙልሙል አራት ነው። የአያቴ አባት፣ የአያቴ እናት፣ እማማ ደብሬ፣ አጎቴ አድማሱ። የእናቴ የለም። አራተኛው ከተሰጠ በኋላ አያቴ እጃቸውን ከዱቄቱ ያራግፉና «በሉ፣ ለከርሞ ያድርሰን» ይላሉ። እትዬ ፊቷን ወደ እሳቱ ታዞራለች። ከዚህ ዝምታ የተረዳሁት አንድ ነገር ነበር፦ እናቴ የማይነገር ጥፋት ሠርታ ነው የሞተች። የልጅ ልብ መቼም ባዶ ቦታ አይወድም።

ዘጠኝ ዓመት በሆነኝ ክረምት ትዕግሥቴ አለቀ። እትዬ ሙልሙሉን ስትጋግር ለእንጨት ወጣ ስትል ከቡኮው ቆርሼ አምስተኛ አድቦለቦልኩና ከሌሎቹ ጎን ጣድኩት። ሞላላ ላደርገው ብዬ አንድ ጎኑ ያበጠ ነገር ሆኖ ወጣ። እትዬ ተመልሳ አየችው፤ እኔንም አየችኝ። አገላበጠችልኝና አራቱ አጠገብ አኖረችው።

ማምሻውን ተማሪዎቹ መጡ። ከመካከላቸው ጥበቡ የሚባል፣ ከላስታ ድረስ ቅኔ ፍለጋ የመጣ ረጅም ወጣት ነበር፤ ምላሱ ከቁመቱ አያንስም።

«አባታችን፣ ዘንድሮ ታሪኩን አሳጥሩት፤ ፍልሰታ ነው፣ ሆዳችን ከጆሯችን ይቀድማል» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«ሆድህማ ከጆሮህ ባይቀድም ቅኔ ቤት አምስት ዓመት ትቀመጥ ነበር?» አሉት አያቴ። ተሣቀ።

አራቱ ሙልሙሎች ከየታሪካቸው ጋር ሄዱ። አያቴ እጃቸውን ሊያራግፉ ሲሉ አምስተኛውን አዩት። አንስተው በፋኖሱ ብርሃን አገላበጡት።

«ይህ የማነው?»

እትዬ እሳቱን ትቆሰቁሳለች።

«የእናቴ ነው» አልኩ።

አያቴ ሙልሙሉን መልሰው አላስቀመጡትም፤ አልተናገሩም። ተማሪዎቹ ወደ መሬት አዩ። ያ ዝምታ ከቀድሞዎቹ ሁሉ የረዘመ መሰለኝ፤ አሁን ካለፈ ለዘላለም እንደሚያልፍም ታወቀኝ። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ «አቤት» ለማለት የምቸገር ልጅ፣ ከጎታው ሥር ተነስቼ ቆምኩ።

«እኔ እናገራለሁ» አልኩ።

የምናገረው ግን አልነበረኝም። ያለኝ በትምህርት ቤት ያነበብኩት አንድ ተረት ነበር። በውስጡ ያለው ጀግና ልጅ ነበር፤ እሱን አውጥቼ እናቴን አስገባሁ።

«አንድ ክረምት ጎረቤት ታመመ። መድኃኒቱ ከወንዝ ማዶ ነው። ወንዙ ደግሞ ሞልቷል። ወንዶቹ ሁሉ ፈርተው ቆመው ሳለ እናቴ ጥሩወርቅ ወደ ውሃው ገባች፤ እየዋኘች ተሻገረች፤ መድኃኒቱን በራሷ ላይ አስራ እየዋኘች…»

«ዋኘች?» አሉ አያቴ።

አንገቴን ነቀነቅሁ።

«ማን? ጥሩወርቅ?»

ስሟን ከአፋቸው የሰማሁት ያን ጊዜ መጀመሪያዬ ነው።

«ጥሩወርቅ ውሃ ትፈራ ነበር!» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። «ምንጭ ስትወርድ እንኳ እግሯን እንዳይነካት ቅሉን በገመድ ወርውራ ነው የምትቀዳ። ዋኘች ትለኛለች!»

እትዬ ከእሳቱ ቀና አለች። «አንድ ቀን ገመዱ አምልጧት ቅሉ ሄደባት እኮ፣ አባዬ! ገብተሽ አምጪው ብንላት ‹ይሂድ፣ መሄድ የፈለገውን ማን ያስቀራል› ብላን ባዶ እጇን ቤት ገባች።»

ተማሪዎቹ ሣቁ። አያቴ ግን ወደ እኔ ዞረው ነበር። ፊታቸው ላይ ቁጣ የመሰለኝ ነገር ነበር፤ ጥፋቴን ሊቆጥሩብኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ተቀመጪ» አሉኝ። «እንደዚያ አልነበረችም። እኔ እነግርሻለሁ።»

ተቀመጥኩ። እናቴ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሳለች ብራናውን እያሰመረች ትረዳቸው ነበር አሉ። አንድ ጊዜ ለገጠር ደብር የሚሆን ዳዊት እየጻፉ ሳሉ ለፍትሐት ተጠርተው ወጡ። ሲመለሱ በገጹ ጥግ፣ ለእግዚአብሔር ስም ብቻ በሚያወጡት ቀይ ቀለም፣ አንድ አውራ ዶሮ ቆሟል።

«ምላጬን አነሳሁ» አሉ አያቴ። «ምላጬን አንስቼ ጎንበስ ስል ዶሮው አየኝ። የጎረቤታችንን ዶሮ፣ ያንን ሰው የሚያባርረውን ክፉ፣ ቁርጥ እሱን አድርጋዋለች። በአንድ ዓይኑ ገልመጥ ሲያደርገኝ ሣቄ መጣ። ብፍቀው ገጹ ይጠራል፤ ሣቄን ግን ከየት አመጣዋለሁ? ምላጩን አስቀመጥኩ።»

«ዶሮው ዳዊት ውስጥ ቀረ?» አለ ጥበቡ፤ ሆዱን ረስቶ።

«ቀረ። ቄሱ መጽሐፉን ሊወስዱ መጥተው ሲያገላብጡ አገኙት። ‹ይህ ምንድን ነው?› አሉኝ። ‹ርግብ ናት› አልኩ።»

«አባታችን! ዋሹ?»

«ዋሸሁ። ንስሐም ገብቼበታለሁ።»

«ቄሱስ አመኑ?»

«ደጋግመው አዩዋት፤ ‹የጎጃም ርግብ ጭራዋ እንዲህ ነው?› ብለው ወሰዱት። ሲሄዱ እሷ በር ኋላ ተደብቃ አፏን በነጠላዋ አፍና ነበር። ከዚያ ወዲያ ብራና በዘረጋሁ ቁጥር ‹አባዬ፣ ርግብ ልሣልልህ?› ትለኛለች።»

ቤቱ በሣቅ ተሞላ። አያቴ ያንን ጎኑ ያበጠ ሙልሙል ለጥበቡ ዘረጉለት። «የጥሩወርቅ ነው» አሉ። ጥበቡም፣ ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ጠፍቶ፣ ከመቀመጫው ተነስቶ በሁለት እጁ ተቀበለና «ነፍስ ይማር» አለ። አያቴ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ተቀመጡ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እየሣቁ ይሁን እያለቀሱ እኔ ካለሁበት አይለይም።

በማግስቱ፣ ጠዋት ላይ፣ እትዬ ፀጉሬን እየሠራች እንደ ዋዛ ነገረችኝ። ፊቴን ስለማታይ ይሆናል መናገሩ የቀለላት።

«እናትሽ ቢቸና ታማለች ተብሎ መልእክት ሲመጣ አባዬ የሚጽፉት ገድል የመጨረሻ ገጽ ላይ ነበሩ። ቀለሙ ተበጥብጧል፣ ብራናው ተሰምሯል። ‹ይህችን ልጨርስና› አሉ። ሁለት ቀን ፈጀባቸው። በሦስተኛው ቀን በቅሎ ጭነው ወጡ፤ መንገድ ላይ የቀብሯን ወሬ ይዞ ከሚመጣ ሰው ጋር ተገናኙ።»

«ቀድመው ቢሄዱ ትድን ነበር?»

«አትድንም። ግን ታያቸው ነበር።» ፀጉሬን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። «ከዚያ በኋላ ሙልሙል ልጋግርላት ባልኩ ቁጥር ‹የእሷን አትጋግሪ› ይሉኛል። እኔም ተውኩ። አንቺ ግን ምን ዓይነት ውሸታም ነሽ? ጥሩዬን ታስዋኛታለሽ?»

እየሣቀች ነበር፤ ጠብታ ግን አንገቴ ላይ ወደቀ።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ በትንሹ ሰፌድ ላይ አምስት ሙልሙል ሆነ። አያቴ በየቡሄው ስለ እናቴ አንድ አንድ ነገር ጨመሩልኝ፦ ስትናደድ የሌላ ሰው ጫማ አጥልቃ እንደምትወጣ፣ ዘፈን ግጥሙን እየረሳች በራሷ ቃል እንደምትሞላው። ሁሉም ጉድለት ነበር፤ ከጉድለቶቹ ግን አንዲት ሴት ተነስታ ቆመችልኝ። አባቴ በሙሉ ልቡ «ደግ ነበረች» ብሎ ሊሰጠኝ ያልቻለውን እኚህ ሽማግሌ በአውራ ዶሮና በቅል ሰጡኝ። እስከ ዛሬ በትምህርቴ ከገጠሙኝ መምህራን ሁሉ እንዲህ ያለ የመናገር ችሎታ ያየሁበት የለም ብል ማጋነን አይደለም። ስለ ሁለቱ ቀናት ግን አንድም ጊዜ አልተናገሩም፤ እኔም እንደማውቅ አላሳወቅኋቸውም።

አያቴ ዘንድሮ በጥር አረፉ። ባለፈው ሳምንት የእትዬ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ እሷ ስለማትጽፍ አንድ ተማሪ የጻፈላት ነው፣ ንግግሯ ግን እንዳለ ነው። «ለቡሄ ትመጫለሽ። የአባዬን ታሪክ አንቺ ነሽ የምትናገሪው፤ እኔ ከጀመርኩ አልጨርሰውም። ስለ ሳላቸው ንገሪያቸው፣ ሰው ይሥቃል። የሁለቱን ቀን ነገር ግን ተይው። የሞተ ሰው ነው፣ ሰው ምን ይላል።»

ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ሳምንቱን ከረምኩ። እትዬ እውነት አላት። የሳሉ ታሪክ ጥሩ ነው፤ ማንንም አያሳፍርም፣ የእኔም ድምፅ ሳይጠፋ ሊያልቅ ይችላል። አያቴ ራሳቸው ሲደብቁት የኖሩትን ነገር በአደባባይ ማውጣት ደግሞ፣ ያውም በልጅ ልጅ አፍ፣ ክፋት ሊመስል ይችላል። አንድ ማታ ይህንኑ ሳወጣና ሳወርድ ያ የድሮ ጥያቄዬ መጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም መልስ ይዞ መጣ።

ስህተት ማለፍ የማይችሉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ዶሮውን ፍቀው ነበር። እጃቸው ምላጩን ይዞ፣ መጽሐፉ የተቀደሰ፣ ጥፋቱ ግልጽ፣ ግን ተዉት፤ ልጃቸው በውስጡ ስላለች። እንዲያ ያለ ሰው የእኔንም ተረት ሰምቶ ማለፍ ይችል ነበር። ሰባት ዓመት የቆለፉትን ነገር እንዲከፍቱ ያደረጋቸው ስህተቱ አይደለም፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናት አጥታ እናት ስትፈጥር ማየቱ ነው። ያ ማምሻ ምን እንዳስከፈላቸው የገባኝ ገና አሁን ነው። ስለ እናቴ ያሉትን እያንዳንዱን ቃል የተናገሩት በእነዚያ ሁለት ቀናት ላይ ቆመው ነበር። ሁለቱን ቀናት ካወጣኋቸው የሚቀረው ሳል ያለበት አስቂኝ ሽማግሌ ነው። እኔ የማውቃቸው ሰው ያ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ትናንት ለእትዬ መልስ ጻፍኩ። ሐምሌ ሲገባ እመጣለሁ፣ የአያቴን ሙልሙል እኔ እጋግራለሁ አልኳት። ስለ ሳላቸውም እናገራለሁ፤ ከሳሉ በኋላ ግን ስለ ገጹ፣ ስለ ሁለቱ ቀናት፣ ከዚያም ስለ ሰባቱ ዓመትና ዝምታውን እንዴት እንደ ተውልኝ እናገራለሁ፤ ቅር ቢልሽም ይቅር በይኝ አልኳት። ሰው ፊት ቆሜ መናገር ዛሬም እንደ ድሮው ያስፈራኛል፤ መካከል ላይ ድምፄ ሊቆም ይችላል። ቢቆምም ግድ የለም፤ ተማሪዎቹ ሙልሙሉን ሳይቀበሉ ስለማይሄዱ እስክጨርስ ድረስ ይጠብቁኛል።